ሰርጓጅ መርከብ አዛዥነትን ከቀላሉ ወደ ከባዱ፦ የሳይለንት ሃንተር 3 መመሪያ ከጎንደር

ጎንደር ውስጥ የኮምፒውተር ጨዋታ ሲነሳ ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ፒያሳ ጌም ቤት ገብቶ የሚጫወቱት ኳስ ነው። እኔና ጓደኞቼ ግን ማራኪ ሰፈር በተከራየናት ክፍል አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከበን የምናመሸው ሰሜን አትላንቲክ ላይ ነው። ጨዋታው ሳይለንት ሃንተር 3 ይባላል። ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ሲሆን፣ ተጫዋቹን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ያደርገዋል። ዕድሜው ስለገፋ ደካማ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል፤ ለኛ አንዱ ጥቅሙ ይኼ ነው።

ጨዋታውን ካዋስኳቸው ሰዎች ግማሾቹ በሁለተኛው ቀን መልሰውልኛል። አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ማታ ሁሉንም ነገር ከባድ አድርገው ጀምረው ሦስቴ ሰጥመው ተስፋ ቆረጡ። ሌሎቹ ሁሉንም ቀላል አድርገው የተኮሱት ሁሉ እየመታ ሰለቻቸው። ሁለቱም ወገን ያላዩት አንድ ነገር አለ። ሪያሊዝም በሚለው ገጽ ላይ ያለው እያንዳንዱ አማራጭ የራሱ ፐርሰንት አለው፤ ሁሉም ሲበሩ 100 ይሞላል። አማራጩን ባበራችሁ ቁጥር ግን ጨዋታው እስካሁን በእናንተ ፋንታ ሲሠራው ከነበረው ሥራ አንዱን ለእናንተ ያስረክባል። ስለዚህ ሥራውን ሳትማሩ አትረከቡት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እኛ በብዙ ኪሳራ ያገኘነው ነው።

በመጀመሪያ፦ መብራትና ሴቭ

ሰፈራችሁ መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ይኼን አትዝለሉት። ሴቭ የምታደርጉት ውኃው ላይ ተንሳፍፋችሁ፣ በዙሪያችሁ አንድም መርከብ ሳይኖር ብቻ ይሁን። ጠልቃችሁ ወይም ከሌሎች መርከቦች አጠገብ ሆናችሁ ያስቀመጣችሁት ፋይል ሲከፈት ጨዋታውን ሊዘጋው ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ መብራት ሊሄድ ነው ብዬ ከጠባቂ መርከብ በታች ተደብቄ እያለሁ ሴቭ አደረግሁ፤ ያ ፋይል ከዚያ በኋላ አልተከፈተም፣ የሦስት ሳምንት ዘመቻዬም አብሮት ቀረ። መርከብ መኖሩን የሚናገር መልእክት ሲመጣ፣ ከመቅረባችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ፣ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰኩ፣ ከዚያ ሂዱ።

አንደኛ፦ ከመጀመሪያው ቀን የሚበሩት ሦስቱ

ሁሉንም ቀላል አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ኢላማ ማስላቱን ለጨዋታው ተዉት። ሦስቱን ግን ከመጀመሪያው ቀን አብሯቸው፦ የተወሰነ ባትሪ፣ የተወሰነ አየር፣ የተወሰነ ነዳጅ። እነዚህ ጠላትን አያጠነክሩም፤ እናንተን ነው የሚያሠለጥኑት። ባትሪው የማያልቅ ሰርጓጅ ላይ የለመደ ሰው በኋላ የማይለቅ ክፉ ልማድ ይዞ ይቀራል።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። በጨዋታው ብዙ የምትነዱት ዓይነት 7ሲ የሚባለው መርከብ ውኃ ላይ በናፍጣ ሞተር 17.7 ኖት ይሄዳል (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል፣ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)። ሲጠልቅ በባትሪ ከ7.6 ኖት አያልፍም። በ4 ኖት ፍጥነት ጠልቆ 80 የባሕር ማይል ይጓዛል፣ ማለትም 20 ሰዓት ይቆያል። በሙሉ ፍጥነት ከነዳችሁት ግን ባትሪው ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። መልሶ የሚሞላው ደግሞ ወደ ላይ ወጥታችሁ ናፍጣውን ስታስነሱ ብቻ ነው። መብራት በሄደበት ማታ የስልኩን ባትሪ ለነገ ጠዋት ጥሪ ቆጥቦ የሚያድር ሰው ይኼን ወዲያው ይረዳዋል፤ ባትሪውን የምትቆጥቡት ለማጥቃት ሳይሆን ለማምለጥ ነው። ማጥቃት ስትጀምሩ ከግማሽ በታች ካላችሁ ያንን መርከብ ተዉት።

ሁለተኛ፦ ጥልቀትን በዓይነ ሕሊና መያዝ

እኛ ባሕር አይተን አላደግንም። ጎርጎራ ወርደን ጣናን ያየን እንኳ የ200 ሜትር ጥልቀት ምን እንደሆነ አይገባንም። እኔ የፋሲል ግንብን መለኪያ አድርጌዋለሁ። ግንቡ 32 ሜትር ገደማ ቁመት አለው። ፔሪስኮፕ፣ ማለትም ጠልቃችሁ ላዩን የምታዩበት ቱቦ፣ የሚወጣበት ጥልቀት የግንቡን ግማሽ አይሞላም፤ በጠራ ቀን ከላይ የሚበር አውሮፕላን ጥላችሁን ሊያይ ይችላል። 160 ሜትር ማለት አምስት የፋሲል ግንብ እርስ በርሱ ተደራርቦ፣ እናንተ ከሥር ናችሁ። 200 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የመርከቡ ቆዳ ላይ 20 ኪሎ ገደማ ክብደት ያርፋል። መርከቡ ሲንቋቋ የምትሰሙት ለዚህ ነው። የተጎዳ መርከብ ይዛችሁ ወደዚያ ጥልቀት አትውረዱ፤ ጤነኛው የሚችለውን የቆሰለው አይችለውም።

ሦስተኛ፦ ጆሮ

ጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ውስጥ ዘሎ የገባ ሰው ያውቀዋል፦ ጭንቅላት ውኃ ውስጥ ሲገባ እልልታውና ከበሮው ይሰማል፣ ከየት አቅጣጫ እንደሆነ ግን አይለይም። ሃይድሮፎኑ፣ ማለትም የውኃ ውስጥ ድምፅ ማድመጫው፣ ይኼን ችግር የሚፈታው በመዞር ነው። ጠልቃችሁ፣ ሞተሩን አዝግማችሁ፣ የሃይድሮፎኑን መሪ ቀስ እያላችሁ 360 ዲግሪ አዙሩት፤ ድምፁ ከሁሉ የሚጎላበት ቦታ አቅጣጫው ነው።

ድምፁን መለየት እኛ እንችልበታለን። ቤት ውስጥ ተቀምጠን በር ላይ ያለፈው ባጃጅ ይሁን አይሱዙ ሳናይ እንናገር የለ? የጭነት መርከብ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ከባድ፣ ደረቅ ምት ነው። የጦር መርከብ ደግሞ ፈጣንና ቀጭን ነው። በቀን ሁለት ሦስቴ ጠልቃችሁ አሥር አሥር ደቂቃ አድምጡ። የድምፅ ሠራተኛችሁ ሪፖርት እስኪያደርግ አትጠብቁ፤ በራሳችሁ ጆሮ ከተማራችሁ በኋላ ከሱ ቀድማችሁ የምትሰሙበት ጊዜ አለ።

አራተኛ፦ ከፊት መገኘት

አዲስ ተጫዋች ሁሉ የሚሠራው ስህተት መርከብ ሲያይ ወደ መርከቡ መሄድ ነው። በቅፍለት፣ ማለትም ተሰባስበው በጠባቂ ታጅበው፣ የሚጓዙ የጭነት መርከቦች 7 ወይም 8 ኖት ይሄዳሉ። እናንተ ጠልቃችሁ ያላችሁ ትልቁ ፍጥነት 7.6 ነው፤ እሱም ባትሪ እየበላ። ከኋላ ከተከተላችሁ መቼም አትደርሱም። የሰርጓጅ መርከብ ጥበብ ማሳደድ ሳይሆን መጠበቅ ነው።

እንዲህ አድርጉ። መርከቡ ካርታው ላይ ሲታይ ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። ልክ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሲሞላ እንደገና ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መሐል ያለውን ርቀት በሜትር ለኩና ለ100 አካፍሉ፤ የምታገኙት ቁጥር የመርከቡ ፍጥነት በኖት ነው። 800 ሜትር ሄዶ ከሆነ 8 ኖት ነው ማለት ነው። ይኼ አስማት አይደለም፤ በ1 ኖት የሚሄድ ነገር 100 ሜትር ለመጓዝ የሚፈጅበት ጊዜ ይኼው ስለሆነ ነው። ከዚያ ሁለቱን ምልክቶች በማስመሪያ አገናኙና መስመሩን ወደፊት ርቆ እስኪሄድ አስረዝሙት። መንገዱ ይኸው።

አሁን ውኃው ላይ ሆናችሁ፣ ጠባቂዎቹ ከማያዩት ርቀት፣ በናፍጣ ሞተር ዙሩትና ቀድማችሁት ውጡ። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ የጨዋታውን ሰዓት አፍጥኑት። ሌሊት ከሆነ የጨረቃን ነገር አስቡ። ምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገሉ አንድ ጎረቤታችን ጋሼ ይኼን ጨዋታ አጠገባችን ቁጭ ብለው ሲያዩ የነገሩን ነው፦ ሌሊት ባሕር ላይ መርከብን የሚያጋልጠው ከኋላው ያለው የሰማይ ብርሃን ነው። ስለዚህ ኢላማችሁ በእናንተና በጨረቃዋ መሐል ይሁን፤ እናንተ ጨለማው ጎን ላይ ሁኑ። ጋሼ ይኼን ከተናገሩ በኋላ ሌሊት ስናጠቃ መታየታችን በግልጽ ቀነሰ።

አምስተኛ፦ በቀጥታ ማዕዘን መተኮስ

ጨዋታው ሲያሰላላችሁ መርከቡ ሥር ያለችው ሦስት ማዕዘን አረንጓዴ ስትሆን ትተኩሳላችሁ፤ በዚህ ላይ የምለው የለኝም። አሥር ያህል መርከብ ካሰጠማችሁ በኋላ ኢላማ በእጅ ማስላት የሚለውን አብሩ። ብዙ ሰው የሚፈራው ይኼንን ነው፤ እኔ ደግሞ የጨዋታው ነፍስ ይኼ ነው ባይ ነኝ።

በአንድ ዘዴ ብቻ ጀምሩ። የኢላማውን መንገድ ካርታው ላይ አስምራችኋል። መርከባችሁን ከመንገዱ 800 ወይም 1,000 ሜትር ርቀት ላይ፣ አፍንጫዋ መንገዱን በ90 ዲግሪ እንድትመለከት አድርጋችሁ አቁሙ። ከ300 ሜትር በታች አትቅረቡ፤ ቶርፔዶው፣ ማለትም ውኃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታው መሣሪያ፣ ፈንጂው እስኪነቃ የሚሄደው ርቀት አለ፣ ቅርብ ከሆናችሁ መትቶም አይፈነዳም።

ከዚያ ፔሪስኮፑን ወደ ዜሮ፣ ማለትም በአፍንጫችሁ ትክክል አድርጉ። ማስሊያው ላይ የኢላማውን ፍጥነት አስገቡ። መርከቡ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፍ ከሆነ የምታዩት ግራ ጎኑን ነውና ማዕዘኑን ግራ 90 አድርጉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ከሆነ ቀኝ 90። ርቀቱን በግምት 1,000 አስገቡ። በዚህ ዘዴ ቶርፔዶው ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ርቀቱን ብትሳሳቱም አይጎዳችሁም። ዘዴውን የምወድበት ዋናው ምክንያት ይኼ ነው፤ ከሁሉ ለመገመት የሚያስቸግረውን ቁጥር ከሒሳቡ ያወጣዋል።

ያስገባችሁትን አጽድቁና ፔሪስኮፑን መርከቡ ወደሚመጣበት ጎን አዙሩት። ምን ያህል? ቶርፔዶው 30 ኖት የሚሄድ ከሆነ፣ ለ6 ኖት መርከብ 11 ዲግሪ፣ ለ8 ኖት 15፣ ለ10 ኖት 18፣ ለ12 ኖት 22። ከቀኝ የሚመጣ 8 ኖት መርከብ ከሆነ ፔሪስኮፑ 15 ላይ፤ ከግራ ከሆነ 345 ላይ ይቆማል። የቶርፔዶው መታጠፊያ ዜሮ አካባቢ መሆኑን አይታችሁ አረጋግጡ። አሁን ፔሪስኮፑን አትንኩት። የቱቦውን በር ክፈቱ። መርከቡ ራሱ ወደ መስመሩ ይመጣል፤ አፍንጫው መስመሩን ሲያልፍ ዝም፣ የፊት ምሰሶው ሲደርስ አንዱን፣ ጭስ ማውጫው ሲደርስ ሁለተኛውን ተኩሱ። በ1,000 ሜትር 65 ሰከንድ ገደማ ትጠብቃላችሁ። ያቺን አንዲት ደቂቃ ክፍላችን ውስጥ ማንም አይናገርም።

ፍጥነት መገመትን ከኮምፒውተር ውጭም መለማመድ ይቻላል። እኔ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ነው የተማርኩት። መንገድ ማዶ ያለ ምሰሶ ምረጡና አውቶቡስ ሲያልፍ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ምሰሶውን ለማለፍ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ቁጠሩ። 12 ሜትር የሚረዝም አውቶቡስ በ2 ሰከንድ ካለፈ በሰከንድ 6 ሜትር እየሄደ ነው፣ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ። መርከብም እንዲሁ ነው። መርከባችሁን አቁማችሁ የፔሪስኮፑን ቀጭን መስመር በቋሚነት ያዙ፣ መርከቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፍበትን ሰከንድ ቁጠሩ፣ ርዝመቱን ለሰከንዱ አካፍላችሁ በ2 አባዙ፤ ከኖት ጋር በጣም ይቀራረባል። 128 ሜትር የሆነ መርከብ በ32 ሰከንድ ካለፈ 8 ኖት ማለት ነው። ካርታው ላይ መርከቦችን የሚያሳየውን አማራጭ ባጠፋችሁ ቀን የሚቀራችሁ ይኼ ዘዴ ነው።

ስድስተኛ፦ የማይፈነዳ ቶርፔዶ

በዚህ ደረጃ ቶርፔዶ ሊከሽፍ እንዲችል የሚያደርገውን አማራጭ አብሩ። ጨዋታው የፈጠረው ቅጣት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1940 በኖርዌይ ዘመቻ የጀርመን ሰርጓጆች ቶርፔዶ በተደጋጋሚ ከሽፎባቸው ነበር። በማግኔት የሚፈነዳውን ማቀጣጠያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አትመኑት፤ ባሕሩ በተናወጠ ቀንማ ጨርሶ ተዉት። ሲመታ የሚፈነዳውን ማቀጣጠያ ምረጡ፣ ጥልቀቱን 3 ወይም 4 ሜትር አድርጉ፣ በ90 ዲግሪ ምቱ። አጋድሎ የመታ ቶርፔዶ ተንሸራትቶ ሊያልፍ ይችላል።

በእንፋሎት የሚሄደው ቶርፔዶ ፈጣን ነው፣ ግን ውኃው ላይ የአረፋ ዱካ ይተዋል። ለሌሊት አስቀምጡት። ቀን በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ተጠቀሙ።

ሰባተኛ፦ ማምለጥ

ከመታችሁ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ከመምታቱ ይከብዳል፤ ዘመቻው የሚያልቅባችሁም እዚህ ነው።

ቶርፔዶው ገና ሳይደርስ ፔሪስኮፑን አውርዱና መውረድ ጀምሩ። ፍንዳታውን ለማየት መጓጓት ብዙ አዛዥ አስበልቷል፤ በጆሮ ስሙት፣ ይበቃል። ከ150 ሜትር በታች ለመድረስ ሞክሩ። ጸጥታ የሚያዝዘውን የዜድ ቁልፍ ተጫኑ፤ ጥገናውም ቶርፔዶ መሙላቱም ይቆማል፣ ድምፅ ናቸውና። ፍጥነቱ 2 ኖት። ወደ ጠባቂው አፍንጫችሁን ወይም ጭራችሁን ስጡት፤ ጎናችሁን ከሰጣችሁት የሶናሩ፣ ማለትም ድምፅ ልኮ በማሚቶው የሚፈልጋችሁ መሣሪያ፣ ድምፅ የሚያርፍበት ሰፊ ግድግዳ ሆናችሁለት ማለት ነው።

አሁን አድምጡ። ጠባቂው የሚያጠቃችሁ ሲፈጥን ነው። ሲፈጥን ደግሞ የራሱ ሞተር ጆሮውን ይደፍነዋል፤ ሶናሩም ቀጥታ ከሥሩ ያለውን ነገር አያይም። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ሜትሮች ዕውር ነው። የጣለው ቦምብ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ነው የሚሰምጠው፤ 180 ሜትር ላይ ካላችሁ እስኪደርስ አንድ ደቂቃ አላችሁ። ያቺ ደቂቃ የእናንተ ናት። የሞተሩ ድምፅ ልክ በላያችሁ ሲያልፍ ሙሉ ፍጥነት ስጡ፣ መሪውን እስከ ጥግ አጣምሙ። ፍንዳታው ውኃውን ሲያናውጠው ጠባቂው የእናንተን ድምፅ አይሰማም። ጩኸቱ ሲበርድ እንደገና 2 ኖት፣ እንደገና ዝምታ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን አትታጠፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍንዳታው ካበቃ በኋላ መፍጠኑን ሲቀጥል ነው። ሌላው የሚሳሳተው ደግሞ ሰዓቱን በጣም አፍጥኖ ቡና ሊያፈላ ሲነሳ ነው። ማምለጥ አራት አምስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ባትሪ ቆጥቡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ስምንተኛ፦ ዓመቱን መምረጥ

እውነተኛው የክብደት መለኪያ ሪያሊዝም ገጽ ላይ የለም፤ ዘመቻ ስትጀምሩ የምትመርጡት ዓመት ነው። በ1939 እና በ1940 ጠባቂዎች ጥቂት ናቸው፣ አውሮፕላንም እንደ ኋላው አይበዛም። እንግሊዞች ሰርጓጆቹ ምን ያህል ጥልቅ እንደሚወርዱ ስላልገመቱ ቦምባቸውን ከላይ ያፈነዱ ነበር። አማራጮቹን በየተራ የምታበሩት በነዚህ ዓመታት ይሁን።

ከ1942 በኋላ ጠባቂዎች ወደፊት የሚወነጭፉት ሄጅሆግ የሚባል 24 ቦምብ መጣ። የሚፈነዳው ሲመታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጠባቂው በላያችሁ ሳያልፍ፣ ጆሮውም ሳይደፈን ይተኩሳል። ከላይ ያልኳችሁ የአንድ ደቂቃ ዘዴ እዚህ አይሠራም። በ1943 ደግሞ ሌሊት ውኃ ላይ ያላችሁትን የሚያይ፣ ከቀድሞው የተሻለ ራዳር አውሮፕላን ላይ ተጫነ። በግንቦት 1943 ብቻ 41 ሰርጓጆች ጠፉ፤ የጀርመን ባሕር ኃይል አዛዥ ዴኒትዝ የቀሩትን ከሰሜን አትላንቲክ ለማስወጣት ተገደደ። በ1943 የሚጀምር ሰው ቀን ጠልቆ መዋል፣ ሌሊት ባትሪ ለመሙላት ብቻ መውጣት፣ አውሮፕላን ሲታይ መድፍ ከመያዝ ይልቅ የሲ ቁልፍን ተጭኖ ወዲያው መጥለቅ አለበት። መርከቡ ለመሰወር ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል።

ይኼን ዓመት ስንጫወት ከኛ አንዱ ስለ እውነተኛዎቹ ሰዎች ጠየቀ። በጀርመን ሰርጓጆች ላይ ከዘመቱት 40,000 ያህል ሰዎች 30,000 ገደማ አልተመለሱም። ከብሪታንያ የንግድ መርከቦችም እንዲሁ 30,000 ገደማ መርከበኞች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ስንዴና ነዳጅ የጫኑ ሲቪሎች ነበሩ። ከዚያ ማታ ጀምሮ የሰመጠ መርከብ አጠገብ የሕይወት ጀልባ ስናይ አንጨፍርም።

የማብሪያው ተራ

ባትሪ፣ አየርና ነዳጅ ከመጀመሪያው ቀን። ሦስት ቅኝት ከጨረሳችሁ በኋላ እውነተኛ የጥገናና የቶርፔዶ መሙያ ጊዜ። ከዚያ የውጭ ካሜራውን አጥፉ፤ ከውጭ እያያችሁ ካመለጣችሁ ጆሯችሁ አይማርም። ከዚያ በእጅ ማስላት፣ ከዚያ የሚከሽፍ ቶርፔዶ። ካርታው ላይ መርከቦችን የሚያሳየውን ከሁሉም መጨረሻ አጥፉ። ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ፕሮትራክተርና የእጅ ሰዓት ይኑር። አንዱ ፔሪስኮፑ ላይ ሆኖ ቁጥር ይጥራ፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ሰከንድ ይቁጠር። እኛ ክፍል ሰከንድ የሚቆጥረው አብሮን የሚኖረው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ወንድሜ ነው፤ እስካሁን ከሁላችንም አንድም ሰከንድ ያልሳተ እሱ ብቻ ነው።